የቡና ቤት ልጅ ነኝ!

መቼም ስለ ውቤ በረሃ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የተጠራው ሰፈር፣ በንጉሡ ዘመን ሌሊቱ እንደ ቀን የሚደምቅበት ነበር። የፒያሳዋን ዶሮ ማነቂያንስ? እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ያውም ቡና ቤት ውስጥ! ይቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብታውቁ…

ቤቷ የጭቃ ናት፣ ጣሪያዋ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። አክስቴ ተከራይታ ስትገባባት ጠጅ ቤት ነበረች። ብርሌውን አስወጥታ ባንኮኒ አሠራች፣ ቢራ አስገባች፣ ቀይ አምፖል ሰቀለች። ከጓሮ ደግሞ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። የክፍሎቹን ነገር አታስለፍልፉኝ፤ የዚያን ጊዜ ቡና ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ አብዮት መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። አክስቴም አንድ ቀን ስትነቃ አከራይዋ ቀበሌ ሆኖ አገኘችው። ኪራዩ ረከሰላት፤ ሰዓት እላፊው ግን ገበያዋን ለሁለት ቆረጠው። ሰዓት ያለፈበት ጠጪ ወዴት ይሄዳል? እዚያው ያነጋል!

እኔ ነፍስ ያወቅሁት በዚያ ዘመን ነው። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወሰደችኝ። የቤት ሥራዬን የሚያሠሩኝ ሲነጋ የሚጠብቁት ጠጪዎች ነበሩ። አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጥንብዝ ብሎ ሰክሮም ክፍልፋይ አይሳሳትም!

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አክስቴም አረጀች፣ ቤቷም መልኳን ቀየረች። ሳሎኑ ቪዲዮ ቤት ሆነ። ሕፃናት ሳንቲማቸውን ጨብጠው አግዳሚ ላይ ተፋፍገው የሕንድ ፊልም ያያሉ፣ ባንኮኒው ላይ ቴሌቪዥኑ ተቀምጧል። በኋላ ደግሞ የጀበና ቡና ቤት ሆነ።

እኔስ? ትምህርት ቤት «የኮማሪት ልጅ» ተብዬ ተደብድቤአለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ታዲያ ብልጥ ሆንኩና «አክስቴ ነጋዴ ናት» ማለት ጀመርኩ። እጮኛዬንም እንዲሁ ዋሸኋት።

በ1997 ዓ.ም. አገባን። በመልሱ ዕለት አማቴ ወደ አክስቴ ዞረው «እርስዎስ ሥራዎ ምን ነበር?» አሏት። እኔ ቀደም አልኩና «ሱቅ ነበራት!» አልኩ።

አክስቴ አየችኝ። ብዙ አልቆየም፣ ግን አየችኝ።

«አዎ እመቤቴ» አለች፣ «ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት… እሱን እሸጥ ነበር።»

ማታ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በ2009 ዓ.ም. ስትሞት እንኳ ለቀስተኛውን ቤቷ እንዳይመጣብኝ እኔ ቤት ነው ያስቀመጥኩት። አይ እኔ!

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሚስቴን ይዣት ሄድኩ። ሳሎኑ ጣሪያ የለውም፣ አንዱ ግድግዳ ግን ቆሟል። ሰማያዊው ቀለም ተልጦ አረንጓዴው ወጥቷል፤ ከአረንጓዴው ሥር ጭስ ያጠቆረው ጋዜጣ ይታያል፤ የጠጅ ቤቱ ዘመን መሆን አለበት። እዚያው አቧራ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፣ የመልሱንም ዕለት ጭምር።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ይቆጣል ያልኩት ፊቷ አልተቆጣም።

«አንተ የት ነበር የምትተኛው?» አለችኝ።

ባንኮኒው የነበረበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። እዚያ ሥር፣ የቢራ ሳጥን ላይ፣ በአክስቴ ጋቢ።