ስቴንቱ መንገዱን ይከፍታል፤ ደሙን የሚገፋው ባታችሁ ነው

እኛ ዘንድ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «ተኛ፣ አትድከም» የሚል ነው። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። እግሩ ላይ ደም ረግቶበት ስቴንት (የጠበበ ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባለትን ሰው ግን ይጎዳዋል። ይህን የምጽፈው በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ ላላችሁ፣ ከእነዚህ ከተሞች ወጥታችሁም በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ለምትውሉ ወገኖቼ ነው።

የረጋ ደም ቢሟሟም ጠባሳ ሊተው ይችላል። ደም ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዙት ቫልቮች ይበላሻሉ። እግር ይከብዳል፣ ሲመሽ ያብጣል፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይጠቁራል፣ ሲብስም ይቆስላል። በጥልቅ ደም መላሽ ሥር ደም ከረጋባቸው ሰዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ይህ ይደርስባቸዋል። ስቴንት የሚገባው ዳሌ አካባቢ ባለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ነው፤ የጠበበውን ይከፍታል፣ ከጉልበት በታች የተበላሹትን ቫልቮች ግን አይጠግንም።

የቀረው ሥራ የባት ነው። ዝም ብለን ስንቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መላሽ ሥር ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ጤናማ እግር ሲራመድ ግን ባት ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ስለሚልከው ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። ስቴንቱም ክፍት ሆኖ የሚቆየው ደም በደንብ ሲያልፍበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ ከደም መርጋት በኋላ የሚመጣው ይህ የእግር ሕመም ባለባቸው 43 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለስድስት ወር የአካል እንቅስቃሴ የሠሩት የኑሯቸው ጥራት ተሻሽሏል።

ስለዚህ ሐኪማችሁ ሲፈቅድላችሁ በየቀኑ ተራመዱ፤ ከሜዳው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ዳገቱ ውጡ። ሱቅ የምትቆሙ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ማታ ስትተኙ እግራችሁን ከልባችሁ ከፍ አድርጉት። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ቡታጅራና ወራቤ ላይ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ።

የደም ማቅጠኛውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ። ጸልዩ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች ከቆጮ ጋር የምትበሉትን ጎመን ማቆም የለባችሁም፤ መጠኑ ግን ሳምንት ከሳምንት አይለዋወጥ፤ አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት መተው የመድኃኒቱን ኃይል ያናጋዋል። ለሕመም ብላችሁም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ደም ሊያስፈስስ ይችላል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ታማሚውን «ተኛ» ማለቱን ትታችሁ «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» በሉት። እግሩ በድንገት ካበጠ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ሆሳዕና ወዳለው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።