የአባቴ ፓውዛዎች

አባቴ 61 ዓመት ሲሞላው ፓውዛ አማረው። ከ30 ዓመት በላይ ቱሪስት ይዞ ደቡብ ሲመላለስ መኪናዋ ይዛው የመጣችው መብራት በቅቶት ኖሯል። ባለፈው ዓመት ግን ድንገት "ሁለት ትልልቅ፣ ቡልባሩ ላይ። ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን፣ እጄ ሳይርቅ" አለኝ። ሌላ ማን ጋ ይሄዳል? አውቶ ኤሌክትሪሺያን ልጅ አለችው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፓውዛ በአብዛኛው ጌጥ ነው። ቡልባሩ ላይ አንድ ረድፍ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሌላ ረድፍ ኤልኢዲ ደርድሮ ቦሌ አስፋልት ላይ የሚንሸራሸር መኪና ሞልቷል። የአባቴ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ግን በእርግጥም ጨለማ ታያለች። ከኮንሶ ወደ ወይጦ፣ ከቀይ አፈር በዲመካ አድርጎ ቱርሚ። ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ሲበተን መንገዱን ሰውና ከብት ይሞላዋል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አቧራው ውስጥ የሚሄድን ሰው የምታየው አጠገቡ ስትደርስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አልገረመኝም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 55 ዋት ሁለት ሃሎጅን ፓውዛ፣ ሪሌ፣ ፊውዝና ሽቦ ገዛሁ።

ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ቀላል አድርጎ ነው የሚያየው። ከባትሪ ሽቦ ያወጣል፣ በዳሽቦርዱ ማብሪያ ያሳልፋል፣ ፓውዛው ላይ ያስራል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል፣ በቃ በራ! ችግሩ የሚመጣው ከበራ በኋላ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት መብራት በድምሩ 110 ዋት ነው። ለ12 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ይጠጋል። ያን ሁሉ ጅረት በቀጭን ሽቦ እስከ ዳሽቦርድ አምጥተህ በትንሽ ማብሪያ አሳልፈህ ስትመልሰው ሽቦውም ማብሪያውም ይሞቃሉ። ፕላስቲኩ መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ "በኮንታክት ተቃጠለ" የሚባለው ዜና ይመጣል። ባይቃጠል እንኳ ብርሃኑ በመንገድ ይቀራል። ሃሎጅን ላይ 10 በመቶ ቮልቴጅ ቢጎድል ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይሄዳል።

መፍትሔው ሪሌ ነው። ሪሌ ማለት ጡንቻ ያለው ተላላኪ በሉት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማብሪያ የሚያሳልፈው ከሩብ አምፔር ያነሰ ጅረት ነው፤ ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ ሪሌው ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፣ ማግኔቱ ቀጭ ብሎ ወፍራሙን መስመር ይዘጋል፣ ጅረቱም ከባትሪ በአጭር መንገድ ፓውዛው ጋ ይደርሳል። ከሪሌው ሥር አራት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ ፓውዛ፣ 85 እና 86 የትእዛዙ መስመር። ለወፍራሙ መስመር 2.5 ሽቦ ተጠቀምኩ፤ ባትሪው ላይ፣ ወዲያው እንደወጣ፣ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አሰርኩ። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ፓውዛው አጠገብ ብታስሩት ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

እኔና አባቴ የተጋጨነው ትእዛዙ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ፓውዛው ከረዥም መብራት ጋር ብቻ እንዲበራ ነው። ከፊት መኪና መጥቶ አጭር ስታደርግ ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚመጣውን ሰው ዓይን አያጠፋም። ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የቆዩ ላንድክሩዘሮች ላይ ፖዘቲቩ ለረዥሙም ለአጭሩም የጋራ ነው፤ ሁለቱ የሚለዩት በኔጋቲቩ በኩል ነው። ይህን ሳያይ ከጋራው ፖዘቲቭ ትእዛዝ ወስዶ ሌላውን ጫፍ ቦዲ ላይ ያሰረ ሰው አጭር ላይም የሚበራ ፓውዛ ይሠራል። ስለዚህ ቴስተር ይዤ 86ን ከጋራው ፖዘቲቭ፣ 85ን ደግሞ በዳሽቦርዱ ማብሪያ አሳልፌ ከረዥሙ ኔጋቲቭ ጋር ላገናኝ ተዘጋጀሁ።

"እንደሱ አታድርጊው" አለ አባቴ። "ለብቻው ይሁን። አጭር ሳደርግም ይብራልኝ።"

"አባዬ፣ የሚመጣውን ሰው ታሳውረዋለህ እኮ።"

"እሱም እኔን እያሳወረኝ ነው። መብራቱ ሲመጣብኝ እንደ ጭጋግ ይሆንብኛል፣ ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። ከዚያ መንገዱ የለም።"

ቴስተሩን አስቀመጥኩት። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገና በፊት።" ይሄን ያለኝ ሰኔ ላይ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረም። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ የሚበላው በቀን ሒሳብ ነው፤ አስጎብኚዎቹ ሲደውሉ ይወጣል፣ ካልደወሉ ቤት ይቀመጣል። "ዓይኑ ታሟል" የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ስልኩ ዝም ይላል። እናቴ መድኃኒት የምትገዛበት፣ ታናሽ ወንድሜ ኮሌጅ የሚከፍልበት ስልክ ነው። ስለዚህ ሐኪም ከመጠየቅ ፓውዛ ቀለለው።

የገለጸው ነገር ግን የዓይን ሞራ ምልክት ነበር። የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ የሚገባው ብርሃን በቀጥታ አያልፍም፣ ይበተናል። ጭጋግ ላይ ረዥም መብራት ሲበራ ነጭ ግድግዳ እንደሚሆነው ማለት ነው። ብርሃን መጨመር እዚያ ላይ ብዙ አይረዳም፤ አቧራው የሚመልሰው ብርሃንም ያው ዓይን ላይ ይበተናል። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ሞራ ነው፣ ግን በቀዶ ጥገና የሚድን ነው። ይሄን ሁሉ ስነግረው አልተከራከረም። "አውቃለሁ" ብቻ አለ።

ፓውዛውን አልሠራም ማለት እችል ነበር። ግን ሌላ ጋራዥ ሄዶ በግማሽ ሰዓት፣ ያለ ሪሌ፣ አጭር ላይ የሚበራ አድርገው እንደሚሰጡት አውቃለሁ። ስለዚህ ተደራደርን፦ እኔ እሠራለታለሁ፣ ከረዥም ጋር ብቻ የሚበራ አድርጌ፤ እሱ ዓይኑን ይታያል፤ እስኪታይ ድረስ ማታ አይነዳም። ከሰዓቱን በሙሉ ዝም ብሎ ሽቦ ያዘልኝ። ብረቱን ለሚያልፈው ሽቦ የጎማ ቀለበት አስገባን፤ የፓውዛው ኔጋቲቭ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀን ብረቱን አወጣን። ኮፈኑን ከመዝጋታችን በፊት ፓውዛዎቹን 20 ደቂቃ አብርተን ሽቦውን በእጃችን ዳሰስነው። አልሞቀም።

የግራ ዓይኑ ነሐሴ ላይ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የእናቴን ነጠላ ትክ ብሎ አይቶ "ይሄ ነገር ድሮም እንዲህ ነጭ ነበር?" አላት። ቀኙ ወረፋ ይጠብቃል። እስከዚያ ጉዞውን ሲያወጣ ከ12 ሰዓት በፊት ቱርሚ የሚገባበትን አድርጎ ነው። አንድ አስጎብኚ ይሄን ሰምቶ መደወል አቁሟል። ሌሎቹ እስካሁን ይደውላሉ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ያዩ የሥራ ባልደረቦቹ "ለኛም ሥሪልን" እያሉ ጋራዥ ይመጣሉ። አብዛኞቹ በእሱ ዕድሜ ናቸው። ስንት ዋት እንደሚፈልጉ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ "ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት እንዴት ነው የሚታይዎት?" አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ መልስ ሳይሰጥ ወደ መኪናው ያያል። እነዚህን ቡና አዝዤ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ኮፈኑ ቆይቶ ይከፈታል።