የአኳሪየሙ ውኃ ምን አስተማረን?

ዛሬ የምናወጋችሁ ጉዳይ የተገኘው ከገዛ ሳሎናችን ጥግ ነው።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በምንኖርበት ቤት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለን። ሴት ልጃችን ጁዝእ ዐምመን ሐፍዛ ስትጨርስ የሰጠናት ስጦታ ሲሆን፣ አራት ወርቃማ ዓሦች ነበሩበት። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያምራሉ ብለን በምሥራቁ መስኮት ሥር አስቀመጥነው።

ሁለት ወር ያህል እንደቆየ ውኃው ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ዓሦቹን ማየት እንኳ ተሳነን። ጊዜው የ1445 ዓመተ ሂጅራ ዒድ አል-ፊጥር (ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.) ሦስት ቀን የቀረው ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እኛ ደግሞ ስለ ንጽህና ተማሪዎቻችንን የምንመክር መምህራን ነን! ልጃችንን ጠርተን ብንጠይቃት በበላች ቁጥር ከዳቦዋ እየቆረሰች ትጥልላቸው እንደነበር አመነች። «ያቆሸሽሽው አንቺ ነሽ፤ ሁለተኛ እንዳትጠጊው!» ብለን ተቆጣናት። አቀርቅራ ሄደች።

የውኃ ፈረቃችን በደረሰ ዕለት ያለውን ሁሉ ደፋን፤ ጠጠሩንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውኃ ፈትገን አጠብን፤ ወዲያውም ከቧንቧው ሞላነው። እንደ መስተዋት ጠራ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሁለቱ ዓሦች ሞተው ውኃው ላይ ተንሳፈው አገኘናቸው። በአምስተኛው ቀን ውኃው ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ልጃችን ቀስ ብላ መጥታ፣ «ያቆሸሽሽው አንቺ ነሽ ብላችሁኝ አልነበር? እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ አልተጠጋሁትም» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

ነገሩን ረጋ ብለን መመርመር የጀመርነው ያኔ ነው። አረንጓዴው ነገር በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ በተለምዶ አልጌ የምንለው ነው። በዐይን ከማይታዩ ሕዋሳት ሚሊዮኖቹ ውኃ ውስጥ ሲንሳፈፉ ቀለሙን ይለውጡታል። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ ብርሃንና ምግብ። ብርሃኑን የሰጠነው እኛ ነን፤ መስኮቱ ሥር ያኖረችው ልጃችን አይደለችምና። ምግቡ የሚገኘው ከተረፈው ዳቦና ከዓሦቹ ዓይነ ምድር ነው። ለ60 ሊትር አራት ወርቃማ ዓሣ መብዛቱም የእኛው ስሕተት ነው።

ዓሦቹን የጎዳው ደግሞ ችኮላችን ነው። የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ይህም የዓሣን መተንፈሻ ይጎዳል። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጡ ነበር። እኛ «አጸዳን» ብለን አገልጋዮቹን ጨረስናቸው።

አረንጓዴ ውኃ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ ስፒሩሊና የሚባለው የሚበቅልበት የሶዳ ሐይቅ ሲሆን ተፈጥሮው እንዲያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ የሚለብሰው አረንጓዴ ግን መርዝ የሚያመነጭ ዓይነት ያለበት ነው፤ አዋሽ ይዞት የሚመጣው ፍሳሽም ይመግበዋል። ቀለሙ አንድ፣ ምክንያቱ ሌላ።

እዚህ ላይ በልጅነታችን መድረሳ የቀራነው ትዝ አለን። ፉቀሃዎች በጠሃራ ምዕራፍ ውኃ ተለወጠ ሲባሉ ለመፍረድ አይቸኩሉም፤ «በምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቃሉ። በነጃሳ የተለወጠው ሌላ፣ በመቆየት ወይም በውስጡ በበቀለ ዋቅላሚ የተለወጠው ሌላ ሑክም አለው፤ ይህኛው ጠሃራነቱን አያጣም። የአኳሪየማችን ውኃ ለውዱእ ይሁን ማለታችን አይደለም። እኛ ግን ምክንያቱን ሳንጠይቅ በልጅ ላይ ፈረድን። ድመት አስራ ሳትመግብ ስለገደለችው ሴት የሚነገረውን ሐዲስ ለልጆች ስናስተምር ኖረን፣ በእጃችን ያሉትን ፍጥረታት ለእንግዳ ዐይን ብለን ጎዳን። አስተግፊሩላህ!

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። አኳሪየሙን ከመስኮቱ አራቅነው። አራት ቀን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነን ብርሃን ከለከልነው፤ የአየር መንፊያው ግን እንዲሠራ ተውነው። የሚሞተው ዋቅላሚ ኦክስጅን ይሻማል፤ በከተማችን ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። በእነዚያ ቀናት ምግብ አልሰጠንም፤ ጤነኛ ዓሣ ይህን ይችላል። ከዚያም ከአራት እጅ አንዱን እጅ ብቻ ቀዳን፤ በባልዲ ክፍቱን ከአንድ ቀን በላይ ባደረ ውኃ ተካነው። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በወጣው ውኃ አለቀለቅነው። የተቀዳውንም አልደፋነውም፤ ለአበባ ተክላችን አጠጣነው። በየሳምንቱ ይህንኑ ስንደግም፣ በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ጠራ። አልሐምዱሊላህ።

ልጃችንንም አስቀምጠን፣ «አጥፍተናል፤ ዐፉ በይን» አልናት። ዛሬ የመመገቡ ሥራ የእሷ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለቱ ዓሦች በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። አንድም ቀን አላበዛችም።

ውድ ወላጆች! በቤታችሁ የሆነ ነገር ደፍርሶ ስታዩ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት መስኮቱን ማን እንደከፈተ ጠይቁ። ሁሉንም ባንዴ ደፍቶ እንደ አዲስ መጀመርም ደጉን ከክፉው ጋር ያጠፋል። ጥቂት ጥቂት፣ በትዕግሥት ይሁን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።