ከወንበሩ በኋላ

ለታላቅ ወንድሜ ተሽከርካሪ ወንበር ከዋሽንግተን ይዤ ደሴ የገባሁ ዕለት ግዴታዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ የተሠራው ለልሙጥ የሆስፒታል ወለል ነበርና የሰፈራችንን ኮረኮንች አልቻለም፤ በስድስተኛው ወር የፊት ጎማው ኩሽኔታ ተሰበረ። ልኩ የሆነ መለዋወጫም ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ወንድሜ ዳግመኛ ቤት ዋለ። ሌላ ልላክልህ ብለው፣ «ሌላውም እዚሁ ይቆማል፤ ይህንኑ የሚጠግን ሰው ፈልግልኝ» አለኝ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 20፣ ጥራት ያለው የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲዳረስና የእንቅስቃሴ ክህሎት ሥልጠና እንዲሰጥ መንግሥታትን ያስገድዳል። እኛ ግን የላክነውን ወንበር ቆጥረን እንረካለን፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሽከረከር አንጠይቅም። ከምናዋጣው ገንዘብ ከፊሉ ለተጠቃሚው ልኬት፣ ለመለዋወጫና በየከተማው ለሚቀመጥ ጠጋኝ ባለሙያ ደመወዝ መዋል አለበት።