በአልዩ አምባ ያደመጥነው ቂሷ

በዚህ ወር ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ነው። ጉዞው የተደረገው በ2011 ዓ.ም በጥር ወር ሲሆን፣ ይህን ያህል የዘገየንበትን ምክንያት ወደ በኋላ እናነሳዋለን።

ከላምበረት መናኸሪያ ተነስተን በሰንዳፋና በሸኖ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደብረ ብርሃን ገባን። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ስለሆነ ስለ እሱ ብዙ አንልም። ሱብሒ ሰግደን፣ ትኩስ ሻይ ጠጥተን፣ በማለዳው መኪና ወደ አንኮበር አቀናን። 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ሲያልፍ ይቆይና በድንገት ምድሩ ያልቃል። ከአንኮበር አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ ተራራው እርከን በእርከን ሲወርድ፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ያያል።

አንኮበር አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። አብዛኛው ጎብኚ የሚሄደውም የቤተ መንግሥቱን ሥፍራ ለማየት ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከታች፣ በቁልቁለቱ ላይ ካለችው ከአልዩ አምባ ነበር። ወደዚያ ስንወርድ ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ፤ አብሮን የነበረው ወጣት ደረሳ ግን እንደ ፍየል ይዘል ነበር።

አልዩ አምባ ዛሬ ለሚያያት ትንሽ ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ግን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ግመሉን የሚያሳርፍባት ትልቅ የገበያ ቦታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ያለፈው በዚች ከተማ ነው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም ታሞ እዚሁ ተቀምጧል። ሁለቱም የጻፏቸው የጉዞ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1844 ታትመዋል። በአርብ ገበያዋ ቡናው፣ አሞሌው፣ ጨርቁ ይሸጥ ነበር። በአቅራቢያዋ ባለችው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ታሪክን የሚወድ ይህንንም መደበቅ የለበትም።

የአገሩ ነዋሪ አርጎባ ነው፤ ነጋዴና ሸማኔ ሕዝብ። ከእርሱም ኋላ የይፋት ሱልጣኔት አለ። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አጥፍተው የተተኩት የወላስማ ሱልጣኖች መናገሻ በዚሁ የተራራ ጥግ ነበር። የእነኖራንና የእነአስበሪን የመስጊድ ግድግዳና የመቃብር ሥፍራ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አጥንተውታል። የአርጎባ ቋንቋ ግን በዚህ አካባቢ ለአማርኛ ቦታውን ለቋል። ከአፋቸው የሚሰማው ወደ ወሎ በኩል እንደ ሾንኬ ባሉ መንደሮች ነው።

እኛን ወደዚያ የሳበን ወሬ ነው። በአልዩ አምባ አጠገብ ባለች መንደር ቂሷ የሚያወሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሲያወሩ ሰው እንቅልፉን ይረሳል ተባልን። ቀን ሸማኔ ናቸው። ማታ ከዒሻእ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸው ይሰበሰባል። እኛም ሄድን። ወንዶቹ መደብ ላይ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሕፃናቱ መሐል ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ዕጣኑ ይጨሳል፤ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል የልጅ ልጃቸው ቡና ትቀዳለች። ጫትም ነበር፤ አልወደድንለትም፤ እንግዶች ነንና ግን ዝም አልን።

ሸኹ በቢስሚላህ ጀመሩ፤ ሰለዋት አወረዱ፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። የዚያ ምሽት ቂሷ የሐበሻው ሒጅራ ነበር። ከእኛ መሐል ይህን ታሪክ ያልተማረ አልነበረም። ከቁረይሾች በደል የሸሹት የመጀመሪያዎቹ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ኋላ የተከተሏቸው ሰማንያ ያህል ሰዎች፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ያደረጉት ንግግር፣ ይህን ሁሉ በመድረሳ ሸምድደነዋል። እንዲህ ሲነገር ግን ሰምተን አናውቅም።

ሸኹ አይጮሁም። ባሕሩ ሲነሣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ሕፃናቱ ወደ ፊት ይሳባሉ። የቁረይሽ መልእክተኛ ዐምር ኢብኑል ዓስ ሲናገር የክፉ ሰው ድምፅ ያወጣሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ አላወጡም። «ኋላ ሰልመው ሰሐባ ሆነዋል፤ እኔ በምን አፌ አሳንሳቸዋለሁ?» ብለው አለፉ። ሙሃጂሮቹ ከባሕሩ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ደግሞ ብርዱ መጣ። ሸኹ ትከሻቸውን አጥፈው ተንቀጠቀጡ፤ «ጃዕፈርም ጋቢያቸውን ተከናነቡ» አሉ።

ደረሳው ያን ጊዜ ነው የተናገረው። «አባታችን፣ ይቅርታ፤ ጃዕፈር ጋቢ ለበሱ የሚለው የትኛው ኪታብ ላይ አለ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሸኹ አልተቆጡም። «እውነትህን ነው ልጄ፤ ኪታብ ላይ የለም። እኔ ነኝ ያለበስኳቸው፤ አገሩ ደጋ ነውና» አሉ። ከዚያም ቀጠሉ፤ ግን እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ቀጠሉ። ድምፅ የለ፣ እጅ የለ፣ ብርድ የለ። ታሪኩ በጥቂት ደቂቃ አለቀና ሰው ተበተነ። አንድ ሕፃን «ዛሬስ አጠረ» እያለ ሲወጣ ሰማነው።

በዚያች ሌሊት በአደርንበት ቤት ብዙ ተከራከርን። ደረሳው ያነሣው ነገር ተራ አይደለም። ኡለማዎቻችን ስለ ቂሷ ነጋሪዎች ብዙ ብለዋል። በ597 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ ራሳቸው እልፍ ሰው የሚያለቅስበት መጅሊስ የነበራቸው ተናጋሪ ሲሆኑ፣ ስለ ነጋሪዎች ጥቅምና ጥፋት ለብቻው መጽሐፍ ጽፈዋል። ሱዩጢም ከነጋሪዎች ውሸት የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ አላቸው። አንዱ ነጋሪ በባግዳድ መስጊድ «አሕመድ ኢብን ሐንበልና የሕያ ኢብን መዒን ነገሩን» እያለ ቅጥፈት ሲያወራ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ነበር ይባላል። «እኛ መች ነገርንህ?» ቢሉት «በዓለም ላይ ከናንተ ሌላ አሕመድና የሕያ የለም እንዴ?» ብሎ አፋቸውን አዘጋቸው። የሚያስቀው ይህ ወሬ ራሱ ነው፤ ኢማሙ ዘሃቢይ ያስተላለፈውን ሰው ተጠራጥረውታል።

ደረሳው ይህን ሁሉ ዘርዝሮ «ታዲያ ዝም ማለት ነበረብኝ?» አለን። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የሚነገር ቅጥፈት ቢሆን ኖሮ አልነበረበትም። ጋቢው ግን ሐዲስ አይደለም፤ ሑክምም አልወጣበትም። ደግሞስ ይህ የነጃሺ ታሪክ ከማን ደረሰን? ከእሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነው፤ እዚያው ነበሩ፤ ያዩትን በአፋቸው ነገሩ፤ ኢብን ኢስሐቅ በሰነድ ጻፈው። በቁርአን ውስጥ «አል-ቀሰስ» የሚባል ሱራ አለ፤ የሱረቱ ዩሱፍ መግቢያም ትረካውን ከትረካዎች ሁሉ ያማረ ይለዋል። ስለዚህ ነገሩ ያለው እውነቱንና ጌጡን ለይቶ በማሳየት ላይ ይመስለናል። እነሆ ሸኹ ሲጠየቁ ወዲያው ለዩልን። የሚያሳዝነው ጥያቄው የተጠየቀበት ሰዓት ነው፤ ይህን ደረሳውም አመነ።

ይህ ሙያ በሌላውም አገር አልቀናውም። በደማስቆ በኡመያድ መስጊድ አጠገብ ባለው የነውፈራ ቡና ቤት ታሪክ ያወሩ የነበሩት ታዋቂው አቡ ሻዲ እ.ኤ.አ. በ2014 አርፈዋል። የማራኬሽ አደባባይ ነጋሪዎች በዩኔስኮ መዝገብ ቢሰፍሩም ቁጥራቸው ተመናምኗል። በእኛም አገር አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት ነግረውን በ2009 ዓ.ም ካረፉ በኋላ ቦታቸው እንደተከፈተ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን። ሸኹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ይሸምናሉ። ደረሳው እጃቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ሳቁና «ትናንት ያልነገርኳችሁ ቀርቷል» አሉ። ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ሲያነቡ የነጃሺ ጺም በእንባ የራሰበትን ቦታ ነገሩን። ነጃሺ ከምድር እንጨት አንሥተው ስለ ዒሳ የተባለው ከዚች እንጨት ያህል አያልፍም ያሉበት ላይ ሲደርሱ፣ ሸኹ መወርወሪያቸውን ከፈትሉ አውጥተው ወደ ላይ አነሱት። ያቺን እጅ እስካሁን አንረሳትም። ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ነበር፤ ማታ ከሆነው በኋላ አፈርንና ሳንቀርጽ ቀረን።

ዘንድሮ ከረመዳን በፊት ሸኹ ወደ አኼራ መሄዳቸውን ሰማን፤ አላህ ይዘንላቸው። ለተዕዚያ ስንደውል ስልኩን ያነሳችው ያቺ ቡና ትቀዳ የነበረችው የልጅ ልጃቸው ናት። አሁን ማታ ማታ ለመንደሩ ልጆች ቂሷውን የምትነግረው እሷ መሆኗን አጫወተችን። ከዚያም «አብሯችሁ የመጣው ልጅ ጋቢው ኪታብ ላይ የለም ብሎ ነበር፤ ልተወው ወይስ ላቆየው?» ስትል ጠየቀችን።

ጉዳዩ የእሱ ነውና ስልኩን ለደረሳው ሰጠነው፤ ዛሬ መድረሳ ያስተምራል። ጥቂት አሰበና «አቆዪው እህቴ፤ ግን ጋቢው የአያቴ ነው በያቸው» አላት። እሷም እሺ ብላ፣ ቡናው እየገነፈለባት ስለሆነ ቶሎ ተሰናበተችን።