ሦስቱ ቱቦላሬ የት ገቡ?

ዛሬ የፍቅርና የትዳሩን ወሬ ለጊዜው ትተን ስለ ሥራ እናውጋ። «ደግሞ ምን ሊነዘንዘን ነው!» የምትሉ አትጠፉም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በመጋዘን ሒሳብ የፈረሰ ወዳጅነት በቅናት ከፈረሰው አያንስም።

መቼም አሁን የከተማ ወጣት አራት አምስት ሆኖ መደራጀት ለምዷል። ብየዳ ቤት፣ እንጨት ሥራ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ልብስ ስፌት... ብቻ አንድ ነገር ይከፈታል። ታዲያ ገና ሥራው ሳይሟሟቅ ከመሃላቸው ኮምፒዩተር የሚነካካው ልጅ «ሶፍትዌር እናስገባ!» ይላል። ክፋት የለውም። በየማሠልጠኛው የምንማረው ፒችትሪ በዋናነት የሒሳብ መዝገብ ነው። ለማምረቻና ለመጋዘን ደግሞ እንደ ቤልጂጎቹ ኦዱ፣ እንደ ሕንዶቹ ኢአርፒኔክስት ያሉ አሉ፤ ሳይከፈልባቸው የሚጫኑ ዓይነቶችም አሏቸው። እናም ጥያቄው ይመጣል፦ «የቱን እንጫን?»

እኔ ግን መጀመሪያ «ምን ቆጥራችኋል?» ነው የምለው። ለምን? ነገሩ ወዲህ ነው።

የእናቴ ወገኖች ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ናቸው። ጋይንት እንኳን ለብረት እንግዳ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚያው በጨጨሆ በኩል ነው። እናላችሁ፣ ለጥምቀት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ብየዳ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 22 ወጪ እያልኩ በስቶር ኪፐርነት ዓመታት የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ገና ቡናው ሳይፈላ የጠበቀኝ ወሬ ሌብነት ሆነ።

የአክስቴ ልጅ የ10 በር ሥራ ተቀብሎ ነበር። የበሩ ፍሬም ቀላል ነው፤ 2 ቋሚ ባለ 2.10 ሜትር፣ 2 አግዳሚ ባለ 85 ሳንቲም። ሲደመር 5.90 ሜትር ይመጣል። አንድ ቱቦላሬ ደግሞ 6 ሜትር ነው። ስለዚህ ለአንድ በር አንድ ቱቦላሬ! ኮሌጅ የጨረሰው የወንድሙ ልጅ በላፕቶፑ ላይ ፕሮግራም ጭኖለት «አንድ በር፣ አንድ ቱቦላሬ» ብሎ አስገብቶለታል። 20 ቱቦላሬ ገዝተው 10 በር ሠሩ፤ ኮምፒዩተሩ «10 ቀርቷል» ይላል። ሄደው ቢቆጥሩ... 7!

ሦስቱ የት ገቡ?

መጋዘኑ ቁልፍ ያለው ብረት ቆራጩ ልጅ እጅ ነው። ልጁ ስማዳ፣ ከወገዳ የመጣ ነው፤ ከሚያገኛት ላይ ቀንሶ ለእናቱ ይልካል። ተያዥ የሆነለት ደግሞ የእስቴ ሰው፣ መካነ ኢየሱስ የሚኖር አጎቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ተያዡን አስጠርቶ ሊያስከፍል ቀን ቆርጧል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው አያ! ኮምፒዩተር አይዋሽም» ይለኛል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ምሳ ለብቻው ይበላል። በአንዲት ትንሽ ከተማ «ሌባ» የተባለ ልጅ ሌላ ብየዳ ቤት ማን ይቀጥረዋል?

ሜትር ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አሮጌ ላሜራ ሥር ብረት ተከምሯል። ጎትቼ ለካሁት፤ 1.80... 1.80... 1.80። ስቆጥረው 10 ቁራጭ! 10 ጊዜ 1.80 ስንት ነው? 18 ሜትር። 18 ሜትር ስንት ቱቦላሬ ነው? ሦስት!

ልጁን ጠርቼ «እስቲ አቆራረጥህን ንገረኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቋሚውን ቁረጥ አሉኝ፤ ከአንዱ ቱቦላሬ ሁለት ሁለት እያወጣሁ አሥሩን ቆረጥኩ። በማግስቱ አግዳሚውን ቁረጥ አሉኝ፤ ከአዲሱ ቆረጥኩ።»

«ቁራጩንስ?»

«ኮምፒዩተሩ ላይ እኮ ቁራጭ የሚባል ነገር የለም። ማን ይጠይቀኛል ብዬ ላስመዝግበው?»

ልብ በሉ! 20 አግዳሚ ከአዲስ ብረት ሲቆረጥ ከአንዱ 7 ይወጣል፤ ስለዚህ 3 ቱቦላሬ ጨረሰ። ከቋሚው የተረፈው 1.80 ግን ሁለት ባለ 85 አግዳሚ ይወጣው ነበር። ለዲስኩ የሚበላውም ሳይቀር 10 ሳንቲም ይተርፋል። ብረቱ ግቢውን አልለቀቀም። የተሰረቀም ነገር የለም። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቁራጮቹን አንድ በአንድ በእጁ አነሳቸው። «ይቅርታ» የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣችም። ምሳ ሲቀርብ ግን ልጁን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠና አጎረሰው። ቀጥሎም ለአጎቱ ደውሎ «ልጅዎ ንጹሕ ነው፣ አንቱም አይድከሙ» አለ። አጎትየው ምን እንደመለሱ አልሰማሁም፤ ረጅም ሰዓት ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጣቸው አይቻለሁ።

እንግዲህ ሶፍትዌር ማለት ይኼ ነው። ለጤና ተቋሞቻችን የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ የተሠራው ሶፍትዌር «ዳጉ» ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከአፋሮች የወሬ መለዋወጥ ባህል ነው። ዳጉ የሚነግራችሁ ሰው ያየውንና የሰማውን ነው የሚያወራላችሁ። ሶፍትዌሩም እንደዚያው፤ ያልነገሩትን ከየት አምጥቶ ያወራል? «ሜትር» ብቻ ከነገራችሁት ሜትር ይደምራል፤ በጓሮ የተከመረውን ቁራጭ እንደ ሙሉ ቱቦላሬ ይቆጥርላችሁና ከሰው ያጣላችኋል።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? ለምትሉ፣ እነሆ፦

አንደኛ፣ በሩን ዘግታችሁ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ። ብሎን ሳይቀር። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ ስጡት። አንዱ «ቱቦላሬ 40»፣ ሌላው «ባለ አርባው» ካለው ኮምፒዩተሩ ሁለት ዕቃ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ወር በወረቀት ያዙ። በየመደርደሪያው ቢን ካርድ ስቀሉ፤ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ፊርማ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በወረቀት ያልሠራ አሠራር ኮምፒዩተር ላይ ሲወጣ አይቃናም፤ ስህተቱ ብቻ ይፈጥናል።

ሦስተኛ፣ ለምትሠሩት ዕቃ ሁሉ እንደ ወጥ አሠራር የሚገባበትን ዝርዝር ጻፉ። ስንት ሜትር ብቻ ሳይሆን በምን ልክ፣ ስንት ቁራጭ፣ ከየትኛው እንደሚቆረጥ ጭምር። ኤሌክትሮዱ፣ ዲስኩ፣ ቀለሙ አይረሳ። ዋጋ ስትሰጡ የሚያከስራችሁ የተረሳው ትንሹ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ቁራጭን ዕቃ አድርጉት። «ቱቦላሬ 1.80» ብላችሁ በራሱ ስም መዝግቡት፤ ፕሮግራሞቹ ከሥራ የሚተርፈውን መልሶ ገቢ ማድረግ ይችላሉ። አዲስ ብረት ከመውጣቱ በፊት ቁራጩ ይታይ።

አምስተኛ፣ መቼ እንደምትገዙ አስሉ። ለምሳሌ በቀን 2 ቱቦላሬ ትጨርሳላችሁ፤ ከባሕር ዳር በወረታ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ እስኪደርስ 5 ቀን ይፈጃል እንበል። 10 ሆነ። ለክፉ ቀን 4 ጨምሩበት። እንግዲህ 14 ሲቀር ነው የሚታዘዘው፣ ባዶ ሲሆን አይደለም። ይህን ቁጥር ከነገራችሁት ሶፍትዌሩ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ስድስተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ምረጡ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን የምንረሳው አይደለም። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ፕሮግራሙ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ደግሞ ቅጂውን በፍላሽ አድርጋችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ሰባተኛ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃ መርጣችሁ ቁጠሩ። የሚቆጥረው ቁልፍ የያዘው ሰው ብቻ አይሁን፤ ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩና ሁለታችሁም ፈርሙ። ልዩነት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» ሳይሆን «ምን ሳንጽፍ ቀረን?» ይሁን።

«እንዲህ ከተባለማ ሶፍትዌሩ ምን ሊረባን?» እንዳትሉኝ። ይረባል እንጂ! አንድ በር ስንት እንደሚያስወጣ በደቂቃ ይነግራችኋል፤ ዕቃ ሳያልቅ ያስጠነቅቃችኋል፤ ከሽርካችሁ ጋር ትርፍ ስትካፈሉ ድምፅ ከፍ አያስደርግም። ሌባ ካለም ያጋልጠዋል፤ ሌባ ከሌለ ደግሞ ንጹሑን ሰው ነጻ ያወጣል። እኔ እንደሚገባኝ ይኼ ሁለተኛው ጥቅሙ ይበልጣል። ብረት በገንዘብ ይተካል። «ሌባ» የተባለ ልጅ ስም ግን ከየትኛው ሱቅ ይገዛል?

በሉ፣ ነገ ጠዋት ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ሜትር ያዙና ወደ ጓሮ ዙሩ። ደህና ሰንብቱ።