ብዙ ሰው ያላየው ጌም

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ታናሽ ወንድሜ "ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ፦ ዘ ሎስት ክራውን" ሲጫወት አገኘሁት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ይሄ ጌም እንዴት እንዲህ ተረሳ አልኩ።

በፈረንጆቹ ጥር 2024 ሲወጣ ገምጋሚዎች አወድሰውት ነበር። ሽያጩ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ዓመቱ ሳያልቅ የሠራው የፈረንሳዩ የሞንፔልዬ ቡድን ተበትኖ ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ያሳዝናል።

ባለታሪኩ ሳርጎን የተጠለፈውን ልዑል ፍለጋ ቃፍ ተራራ ይገባል። እኔን የማረከኝ አንድ ችሎታው ነው፦ የቆመበት ቦታ ላይ ጥላውን ይተዋል፣ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ከዚያ ቁልፍ ሲጫኑ ጥላውን የተወበት ቦታ ላይ ከች ይላል። በር ሊዘጋበት ሲል፣ ጠላት ሲከበው... ጭንቅላት ያሠራል!

ደግሞ ያላለፋችሁትን ቦታ ፎቶ አንስታችሁ ካርታው ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ። "ያ በር የት ነበር?" ማለት ቀረ። ሌሎች ጌሞችም ሊኮርጁት ይገባል።

እንከን የለውም አልልም። ከቦታ ቦታ በአንዴ የሚያደርሱት ሐውልቶች ጥቂት ስለሆኑ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ መሄድ ይሰለቻል። ታሪኩም ወደ መጨረሻው ይንዛዛል። እሾህ የሞላባቸው መተላለፊያዎች ትዕግሥት ይፈታተናሉ፤ ለከበደው ሰው ግን ማለፊያ አማራጭ ሴቲንግ ውስጥ አለ።

ከጀመራችሁት በፋርስኛ ድምፅ ተጫወቱት፣ በጣም ይለያል።

እናንተስ? የምትወዱት ግን ማንም የማያወራለት ጌም የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።